አባዬና አሥራ አንደኛዋ ኤሌክትሮን

እሑድ፣ የካቲት 22 ቀን

ለወንድሜ፣ ስልክ ሲያነሳ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ለማይተርፈው፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የማታ ትምህርትህ፣ ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያስገባው ጫማህ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስጻፈችኝ እማዬ ናት፤ መጀመሪያ ላይ ካልሰፈረች ልጄ ሳያነብ በድንጋጤ ክው ይላል ብላ። አሁን ክው ስለማትል ወደ ነገሬ ልግባ።

ደብዳቤ የመረጥኩት ስልክ ስለሚዘጋ ነው። ደብዳቤ ብታጥፈው እንኳ መልሰህ እንደምትዘረጋው አውቃለሁ። ወሬ ትወዳለህ፤ በዚህ በዚህ አክስታችንን ነው የወጣኸው።

ነገሩ ይሄ ነው። አባዬ ኬሚስትሪ ተማረ።

መጀመሪያ ተቀመጥ፤ ሻይ የያዝክ እንደሆነም አስቀምጠው። አዎ፣ የኛው አባዬ። የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ገልብጦ ይዞ «ተበላሽቷል» የሚለው አባዬ። ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ባለፈው መንፈቅ በፊዚክስ የወደቅኩት። (ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም። አንተም አልሰማህም።)

የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። አባዬ ከሥራ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ይሄ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው፣ የቤት ሥራ የምሠራበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ» አለኝ፤ «አንድ የሥራ ጓደኛ አለኝ።»

«እሺ።»

«አቶም ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው።»

አባዬ የሥራ ጓደኛ የለውም። የሆስፒታሉ ቦይለር ክፍል ውስጥ ያሉት እሱ፣ ሁለቱ ቦይለሮችና ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወር የቀረው «ሞተር» ናቸው። ሞተርን ታውቀዋለህ፤ ቆሞ እያንኮራፋ ስለሚተኛ ነው ስሙ የወጣለት። እሱ እንኳን አቶም ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ጠይቆ አያውቅም።

«ጓደኛህ እስከ ስንተኛ ክፍል ተምሯል?»

«እንደኔው። ስምንተኛ።»

«ዕድሜውስ?»

«እንደኔው።»

«መልኩስ?»

«አንቺ ልጅ!»

እማዬ ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል «ለጓደኛህ ሰላም በልልኝ» አለች። «ደግሞ ጫማውን ያውልቅ በለው፤ ምንጣፌን ጭቃ አደረገው።»

ምስጢሩ በማግስቱ ወጣ። እማዬ የሥራ ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ማስታወቂያ አገኘች። ሆስፒታሉ አዲስ የውሃ ማለስለሻ ማሽን ሊያስገባ ነው። እሱ ላይ የሚመደቡ ሠራተኞች የመሠረታዊ ኬሚስትሪ ፈተና ወስደው ከመቶ ስድሳ ማምጣት አለባቸው። ያላመጣ ወደ ዋናው በር ጥበቃ ይዛወራል። ከታች በትንሹ «ደመወዝ አይነካም» ይላል። እማዬ «ታዲያ ምን ጎደለብህ?» ልትለው አፏን ከፈተችና ፊቱን አይታ መልሳ ዘጋችው።

እንደሱ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የቦይለሩን ድምፅ ከደጅ ሰምቶ እንደ ሐኪም የቱ ጋ እንዳመመው የሚናገር ሰው፣ ከዛሬ ነገ በር ላይ ቆሞ የሰው ሻንጣ ሊያስከፍት ነው። ያን ቀን እራቱን በላ፤ እንጀራ አባቱ ቤት እንደሚበላ ልጅ አንገቱን ደፍቶ በላ።

አሁን አንድ ነገር ላስታውስህ ነው፤ እንዳትቀየመኝ። ከስምንት ወር በፊት አባዬ ቦይለር ክፍል ውስጥ ቦታ ለምኖልህ አንተ አልገባም ባልክበት ቀን፣ ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ምን እንዳልክ ትዝ ይልሃል? «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨው ስትገለብጥ ለምን እንደምትገለብጥ አታውቅም። እኔ እዚያ አልቀበርም» ነው ያልከው። እሱ ደግሞ በሩ ሲዘጋ «እፎይ! ጭቅጭቅ ከቤቴ ወጣ» አለ። አንተ አልሰማኸውም መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ስምህን አይጠራም። «ያ ልጅ» ነህ። «ያ ልጅ ደወለ?» «እዚያ ይበርዳል አሉ፤ ያ ልጅ ብርድ ልብስ ይዟል?» «ያ ልጅ የሚወደውን ለምን ሠራሽው፣ ማን ሊበላው ነው?» እያለ ይውላል። ሰው የተጣላውን ሰው በቀን ሦስቴ የሚጠይቅበት ቤት የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ትምህርቱን የጀመርነው ባንተው የዘጠነኛ ክፍል ደብተር ነው፤ አልጋህ ስር ካርቶን ውስጥ ነበር። ጽሑፍህ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም ማስታወሻህ የተሟላ ነው፤ አመሰግናለሁ። ማስጠንቀቅ የነበረብህ ግን አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ጥግ ጥጉን የሣልከውን ነው። አባዬን ሥለኸዋል። በሁለቱ ጆሮዎቹ እንፋሎት ይወጣል፤ ከሥሩም «ሦስተኛው ቦይለር» ተብሎ ተጽፏል። በእጄ ልሸፍነው ስል ቀደመኝ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ደብተሩን አቅርቦ፣ አርቆ፣ እንደገና አቅርቦ አየው። እኔ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አሰላሁ።

«አፍንጫዬን አሳንሶታል» አለና ገጹን ገለጠ።

ስለዚህ ከአቶም ጀመርን። መሃሉ ላይ ኒውክለስ የሚባል ፍሬ አለ፣ በውስጡ ፖዘቲቭ የሆኑ ፕሮቶኖችና ምንም ያልሆኑ ኒውትሮኖች ታጭቀዋል፣ በዙሪያው ኔጌቲቭ የሆኑ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ እስከዚህ በሰላም ተጓዝን። ጦርነቱ የተነሳው ስለ ባዶው ስናወራ ነው።

«ኒውክለሱ ሆስፒታሉ ግቢ መሃል ላይ የተቀመጠች አንዲት የምስር ፍሬ ብትሆን» አልኩት፣ «ኤሌክትሮኖቹ ከአጥሩ ውጪ መንገዱ ላይ ናቸው።»

«በመሃልስ?»

«ምንም የለም።»

«እንዴት ምንም የለም? አየር ይኖራል።»

«አየርም ራሱ አቶም ነው አባዬ። ምንም።»

ከተቀመጠበት ተነሳና ወንበሩን ዞሮ አየው። «ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ» አለ፣ «ምንም ላይ ነው የተቀመጥኩት?» ከዚያ በጡጫው መታው። ጣቱን አመመው። «ይሄ ምንም ነው? ይሄ? ደብተሩ ላይ ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

«ያ ልጅ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለ፤ ሆኖም በማግስቱ ቦይለር ክፍል ሄዶ ለሞተር «የተደገፍከው ግድግዳ ባዶ ነው» ብሎ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሰው ራሱ እየሳቀ ነገረን። ወንበሩ የሚይዘን የኛ ኤሌክትሮኖችና የወንበሩ ኤሌክትሮኖች ሲቀራረቡ ስለሚገፋፉ ነው ብዬ ሳስረዳው «እንደ አክስትሽና እንደ ጎረቤታችን» አለኝ። ተማሪዬ ተስፋ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

በቃል ብቻ ግን አልሆነም። እጁ ያልዳሰሰው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ አይሰነብትም። ስለዚህ የእማዬን የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ አወረድኩ። አዎ፣ ያንን ማንም እንዳይነካው የተባለውን ቆርቆሮ። ቀዮቹ የካፖርት ቁልፎች ፕሮቶን፣ ግራጫዎቹ ኒውትሮን፣ ትናንሾቹ የሸሚዝ ነጫጭ ቁልፎች ኤሌክትሮን ሆኑ። የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ በልብስ ጠመኔ፣ በድስት ክዳን፣ በትሪና በሳፋ አፍ ለክተን ሦስት ክብ ሠራን። ከውስጥ ሁለት፣ ቀጥሎ ስምንት፣ ውጪው ላይ አንድ። አሥራ አንድ ነጭ ቁልፍ፤ ሶዲየም። ከጎኑ ክሎሪን፣ አሥራ ሰባት፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ሰባት።

አንዲት ኤሌክትሮን ተንከባላ ቁም ሳጥኑ ስር ገባች። አባዬ በሆዱ ተኝቶ እጁን እየሰደደ ሳለ እማዬ ከገበያ ደረሰች። መጀመሪያ እግሩን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛዋን፣ ከዚያ ቆርቆሮዋን።

«ሳይንስ ነው» አለ አባዬ ከቁም ሳጥኑ ስር።

«ከነዚህ ውስጥ አንዲት ነጭ ቁልፍ የጎደለች እንደሆነ» አለች እማዬ፣ «ሁለታችሁንም አዮን አደርጋችኋለሁ።»

አየህ፣ እሷም ከማሽኑ ኋላ ሆና ትማር ኖሯል! ለነገሩ ከሁላችንም ቀድማ የገባት እሷ ናት። ሶዲየም ውጪኛው ክብ ላይ ያለችው አንዷ ስትሄድለት ከሥሯ ያለው ሙሉ ስምንት ይቀርለታል፤ ክሎሪን ደግሞ ሰባት ስላለው አንድ ቢያገኝ ስምንት ይሞላለታል። አንዷ ከዚህ ወደዚያ ትሻገራለች። ከዚያ ሁለቱም እንደ ድሮው አይደሉም፤ አዮን ሆነዋል። አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ። ተቃራኒ ስለሆኑ ይሳሳባሉ፣ ይያያዛሉ፣ አዮናዊ ውህድ ይሆናሉ። የገበታ ጨው!

አባዬ ክሎሪንን ያውቀዋል፤ የውሃ ታንከሩ ሲታከም ዓይኑን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሶዲየም ብቻውን ሲሆን ውሃ ሲነካ እንደሚፈነዳ እራት ላይ ስነግረው የሾርባ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንዱ ይፈነዳል፣ አንዱ መርዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሾርባ ላይ እነሰንሳቸዋለሁ?»

«አዎ።»

«ትዳር ማለት እንዲህ ነው!» አለች አክስታችን፤ ጣልቃ ሳትገባ አትውልም። ሦስት ጊዜ አግብታ ሦስቱም ጊዜ የፈነዳባት እሷ ናት። አባዬ ቀስ ብሎ «ያንቺዎቹ ሶዲየም ብቻ ነበሩ» ሲላት ሾርባው በአፍንጫዬ ወጣ። ሁለት ቀን አኮረፈችን። በሦስተኛው ቀን መጥታ በቁልፍ የሠራነው ክሎሪን ላይ ተቀመጠችበት፤ አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስካሁን አልታወቀም።

እስከዚህ ሳቅ ነበር። መከራዬን ያበላኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ነው።

ቦይለር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ ታስታውሳለህ? አባዬ ታንከሩ ውስጥ ውሃ ሲገባ መደመር፣ ሲወጣ መቀነስ ይጽፍበታል። በቀን አራት ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እና ሶዲየም አንዲት ኤሌክትሮን ስትወጣበት ምን ይሆናል? ብዬ ስጠይቀው፣ ዓይኑን ሳያሽ መቀነስ ይጽፋል።

«አባዬ፣ መደመር ነው።»

«የወጣበት እንዴት ነው መደመር የሚሆነው?»

«ፕሮቶኖቹን ቁጠር። አሥራ አንድ ፖዘቲቭ። ኤሌክትሮኖቹ አሁን አሥር ናቸው። አንድ ፖዘቲቭ ተረፈ።»

«ገባኝ።»

በማግስቱ መቀነስ። በሳምንቱ መቀነስ። ክሎሪንማ አንድ ስለተቀበለ በመደመር ተንበሸበሸ! ጭንቅላቱ ያውቃል፣ እጁ ግን ጌታውን አልሰማ አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት እንዲህ ነው። የቀድሞ ፈተናዎች አምጥቼ አሠራሁት፤ ይህች ምልክት ብቻዋን ሃያ ነጥብ ይዛበት ትሄዳለች። አርባ ስምንት ያመጣል። ሃምሳ አንድ ያመጣል። ስድሳ የት ነው! ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው። ማለዳ ከሥራ በፊት፣ ከሰዓት ከሥራ በኋላ እንሠራለን፤ እያደር ዝም እያለ መጣ። አንድ ቀን የበር ጥበቃዎች የሚለብሱትን ካፖርት «ለብርዱስ ጥሩ ነው» ሲል ሰማሁት። አንጀቴን በላው።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሲጨንቀኝ ምሳሌ ፈለግኩ። «አባዬ፣ ኤሌክትሮን እኮ ራሷ ኔጌቲቭ ናት» አልኩት። «መቀነስ ሲቀነስ መደመር ነው። ለምሳሌ፣ ጭቅጭቅ ከቤት ቢወጣ ለቤቱ ይጎድልበታል ወይስ ይደመርለታል?»

ከአፌ ሲወጣ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወቀኝ። የእማዬ ማሽን ቆመ። አባዬ ነጯን ቁልፍ በሁለት ጣቱ አነሳ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ክሎሪን ላይ አስቀመጣትና ተነሳ።

«የወጣ ሁሉ ጭቅጭቅ አይደለም» አለ። ወደ ጓሮ ሄደ፤ የማያፈሰውን ቧንቧ ሲያጠብቅ አመሸ።

እኔ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ ወደ ቆርቆሮው መለስኩ።

ሁለት ቀን ደብተር አልከፈትንም። በሦስተኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ተነሺ፣ ዛሬ እኔ ነኝ አስተማሪው» ብሎ ወደ ሥራው ወሰደኝ። ሙቀቱ በር ላይ እንደ ሰው ይቀበልሃል፤ ታውቀዋለህ። ሞተር ግድግዳውን ተደግፎ ያንኮራፋል። አባዬ የአሮጌውን ማለስለሻ ክዳን ፈትቶ እፍኝ ሙሉ እንክብሎች መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ፣ ማር የመሰሉ፣ እርጥብ።

«እነዚህ ሶዲየም ይዘው ይጠብቃሉ» አለ። «ውሃው ካልሲየም ይዞ ይመጣል፤ ቧንቧዬን በኖራ የሚደፍነው እሱ ነው። ካልሲየም ስንት ፖዘቲቭ ነው?»

«ሁለት።»

«ሁለት። ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሁለት ሶዲየም ይነሳለታል። እንክብሉ በካልሲየም ሲሞላ ይደክማል። ያኔ እኔ ጨው እገለብጣለሁ። ሶዲየሙ በብዛት መጥቶ ካልሲየሙን ያስነሳዋል። እንደገና አዲስ።» ወለሉ ላይ የተደረደሩትን የጨው ጆንያዎች አየ። «ለዚህ ነበር በየሦስት ቀኑ የምገለብጠው።»

ይሄን ማንም አልነገረውም። እኔም አላስተማርኩትም፤ እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር! የሚያውቀውን ሥራና የቁልፎቹን ጠረጴዛ ለብቻው አገናኝቶታል።

«እንክብሉ እንደደከመ በምን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

አንድ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሞላ፣ ሳሙና ፋቀበት፣ ክዳኑን ይዞ ናጠው። አረፋው እስከ አንገቱ ቆመ። «አረፋው ሲሰንፍ ደክሟል። በየማለዳው ነው የምንጠው። ማንም አላስተማረኝም።» ጠርሙሱን አስቀመጠ። «ያ ልጅ ልክ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

እፍኝ እንክብሎቹን ወደ ማለስለሻው መለስኩ።

«አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም» አለ ቀጥሎ።

ስለዚህ እኔ እዚህ ላይ አስተያየት የለኝም። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለታችሁም አፋችሁ መጥፎ ነው፤ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኜ ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ።

ፈተናው የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ነበር። አባዬ መነጽሩን ረስቶ ሄደ። እኔ ከቦርሳው አላወጣሁትም። (እሺ፣ አውጥቼዋለሁ። ያለዚያ ማን ግቢ ያስገባኛል?) ሳይጀመር በፊት ሮጬ አደረስኩለት። በጽሑፉ ሰዓት አዳራሹ ደጃፍ ተቀምጬ ጥፍሬን ጨረስኩ። ቀጥሎ የቃል ፈተናው እዚያው ቦይለር ክፍል ስለሆነ፣ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ተደበቅኩ። ሞተር አየኝ፣ ጠቀሰኝና መልሶ ተኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቷል ብለን ነበር እኮ!

ፈታኟ ወጣት ናት፣ ካንተ ብዙ አትበልጥም። ከጎኗ የማይስቀው የሆስፒታሉ አዲስ ኃላፊ ቆሟል።

«ሶዲየም አዮን ሲሆን ቻርጁ ምንድን ነው፣ አባቴ?» አለችው።

አባዬ ዓይኑን ወደ ሰሌዳው አነሳ። መቀነሱ እዚያ ተደርድሯል፣ የጠዋቱ፣ የትናንቱ። እኔ ጆንያው ኋላ ሆኜ ትንፋሼን ያዝኩ። ቀኝ እጁ ጠመኔ እንደያዘ ሰው ተነሳ፤ ቆመ፤ ወረደ።

«ፖዘቲቭ» አለ። «አንድ ፖዘቲቭ።»

«ለምን?»

«ኔጌቲቭ ስለወጣለት።» ጨርሷል ብዬ ልተነፍስ ስል ቀጠለ። «የወጣችው ግን መጥፎ ሆና አይደለም። ክሎሪን ዘንድ ቦታ ስላላት ነው። እዚህ ብትቀር ብቻዋን ዳር ላይ ነበረች።»

ፈታኟ እርሳሷን አቁማ አየችው። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል የለም» አለች፤ ፈገግ ብላ። ኃላፊው እህ፣ እህ ብሎ ሳለ። ከዚያ ስለ ማለስለሻው ጠየቀችውና አባዬ ጠርሙሱን አነሳ፣ ሳሙናውን ፋቀ፣ ናጠው። እመነኝ፣ ግማሽ ሰዓት አወራ። ቤት ውስጥ ዓመት የሚበቃውን ቃል እዚያ ጨረሰው። ኃላፊው መጨረሻ ላይ ጠርሙሱን ተቀብሎ ራሱ ናጠው፤ ሁለቴ።

ውጤቱ ከትናንት ወዲያ ወጣ። ሰባ አራት! ከየክፍሉ ከተፈተኑት አሥራ ሁለት ሰዎች ሦስተኛ። ወረቀቱን ለእማዬ ሰጣት፤ እማዬ አነበበችው፣ መሃረቧን ፈለገች፣ አጣችው፣ ስትሰፋው በነበረው የሰው ቀሚስ ዓይኗን ጠረገች። አክስታችን እልል ብላ መንደሩን አስወጣች፤ ግማሹ ሰው የመጣው የማን ሠርግ ነው ብሎ ነው። አዲሱ ማሽን በሚያዝያ ይገባል፤ ኃላፊው ለሌሎቹ ሠራተኞች የሚያስረዳው አባዬ እንዲሆን ጠይቆታል። ሞተር እንኳ «እኔንም አስተምረኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ» ብሏል። ቁጭ ብሎ ሰምቶ አያውቅም።

የፈተና ወረቀቱን በሙሉ አይቼዋለሁ፤ አልጋው ራስጌ አስቀምጦታል። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። «ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ግን ያስተላልፋል፤ ለምን?» ይላል። አባዬ በዚያ በከባዱ ጽሑፉ «ደረቅ ሲሆን አዮኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ቦታቸው ላይ ቆመዋል፣ መንቀሳቀስ አይችሉም። ውሃ ሲያገኙ ይላቀቃሉ፤ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ» ብሎ ጽፏል። ፈታኟ በቀይ «በጣም ጥሩ» ብላበታለች።

አሁን ይህን እየጻፍኩ አባዬ ሦስት ጊዜ በክፍሌ አለፈ። መጀመሪያ መስኮቱን ሊዘጋ፣ ቀጥሎ መስኮቱን ሊከፍት። በሦስተኛው ቆመ።

«ለወንድምሽ ነው የምትጽፊው?» አለ። ወንድምሽ አለ። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩ።

«አዎ።»

«ሰላም በይልኝ።» ለመሄድ ዞረ፣ ተመለሰ፣ የበሩን እጀታ መረመረ፤ ምንም አልሆነም እጀታው። «አንዲት ጥያቄ ጻፊልኝ። ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሲሟሟ ያስተላልፋል። ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም በይው። እሱ ያውቀዋል። ሲመቸው ያስረዳኝ።»

ዓይኑን አየሁት። እሱ የበሩን እጀታ አየ። «እሺ አባዬ፣ እጽፍለታለሁ» አልኩት። እንደታዘዝኩት ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እማዬ ከማሽኗ ኋላ ሆና ትመርቅሃለች፤ አንዱንም ሳታስቀር ጻፊ ስላለችኝ፦ እግርህ እሾህ አይንካው፣ ክፉ ዓይን አይይህ፣ የያዝከው ይባረክ፣ የምትማረው ይግለጥልህ፣ ደግሞ ጫማህን አስጠግን። አክስታችን ሚስት ለማግባት አትቸኩል ትልሃለች፤ ከእሷ ሲመጣ ምክሩ የልምድ ነው። እኔ ናፍቀኸኛል፤ ይሄን ሁለተኛ አልጽፈውም።

ለአባዬ መልሱን ራስህ ጻፍለት፣ ለእሱ ብለህ፣ በስሙ። ረዘም አድርገው። ቀድሞ እንደሚያውቀው እንዳታስታውቅበት፤ እኔም አላስታወቅኩበትም። በደብዳቤ የማያልቅልህ ከሆነ ደግሞ፣ ጠረጴዛው እዚሁ ነው፤ መጥተህ በቃል አስረዳው።

ያንተው እህት፣
ቁንጫ